የአየሩ ጥሩነት፦ በአዲስ አበባ የሰፈር አመራረጥ ላይ የተደረገ ጥናት

በአዲስ አበባ ቤት ሊገዛ የተነሳ ቤተሰብ ሰፈሩን የሚመርጠው በምን ተመርቶ ነው? ጥያቄው እስካሁን ተገቢውን የምሁራን ትኩረት አላገኘም። ቤተሰቡ ራሱ ሲጠየቅ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የሥራ ቦታውን ቅርበት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ የእናትየውን ቤት ይዘረዝራል። የተከበረ መልስ ነው። የዚህ ጥናት መላምት ግን ሌላ ነው፦ ሰፈሩን የሚመርጠው ብሩ ነው፤ ቤተሰቡ የሚመርጠው ምክንያቱን ነው።

ዋናው ማስረጃ አየር ነው። ሳር ቤት ወይም ቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ቤት የገዛ ሰው ስለ አየር ሲያወራ አይሰማም። ሲኤምሲ ላይ ወሬው ይጀመራል። አያት ላይ «አየሩ ደህና ነው» ይባላል። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ሲደረስ አየሩ ሐኪም የሚያዝዘው ዓይነት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የአየሩ ጥሩነት ከሜክሲኮ አደባባይ በራቁ ቁጥር ይጨምራል ብለን መደንገግ እንችላለን። ከተማዋ እንዳለች ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧ፣ ማለትም አየሩ የትም ቢሄዱ የሳሳ መሆኑ፣ ድንጋጌውን አይነካውም። ቱሉ ዲምቱ ካለው አየር ለመድረስ ጠዋትና ማታ የቃሊቲን የከባድ መኪና ጭስ መማግ ግድ መሆኑም እንዲሁ።

በሕግ በኩል ነገሩ አጭር ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ቦታው በሊዝ ይያዛል፣ ለመኖሪያ ከሆነ እስከ 99 ዓመት። ገዢዎች በበኩላቸው ቤቱን አየት አድርገው ያልፉና ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ የሚውሉት በማይሸጠው በቦታው ላይ ነው።

ደላላው ሳይጠቀስ አይታለፍም። ደላላ ርቀትን በኪሎ ሜትር አይናገርም። «ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ አምስት ደቂቃ» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም። አምስት ደቂቃው የተለካው እሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በበጋ፣ ቁልቁለቱን ነው። (ዳገቱን ገዢው በራሱ ጊዜ ያጠናዋል።) የሻጩ ሁኔታም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከአገር ሊወጣ ስለሆነ እንጂ አይሸጠውም ነበር። በደላሎች ምስክርነት ብቻ ከሄድን በዚህች ከተማ ቤቱን የሚሸጥ ሁሉ ቪዛ የተመታለት ነው። ደግሞም በአካባቢው መንገድ ሊወጣ ነው። መንገድ በበር ላይ ሲያልፍ ዋጋ ይጨምራል፤ በሳሎን ውስጥ ሲያልፍ ግን ካሳ ይባላል። የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ሜትር ስለሆነ ደላላው አይጨነቅበትም።

የምርጫን ጭንቀት ከሥሩ የነቀለው ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ለ20/80 የተመዘገበ ሰው የመኝታ ክፍሉን ብዛት መረጠ፤ ሳይቱን፣ ብሎኩንና ፎቁን ዕጣው ይመርጥለታል። ለመላምታችን ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ የደረሰው «ስፖርት ነው፤ አቧራም አይደርስም» ይላል። አንደኛ ፎቅ የደረሰው «እማማ ደረጃ ሲወጡ አይደክሙም» ይላል። ሁለቱም ከድሮም እንዲህ ያስቡ እንደነበር ይምላሉ። ጥናቱን የተፈታተነው የሐምሌ 2014 ዕጣ ነው። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ተነካክቶ ተገኝቶ ዕጣው ሲሰረዝ፣ ለጥቂት ቀናት ባለ ሰፈር የነበሩ ሰዎች ሰፈራቸውን ተነጠቁ። በእነዚያ ቀናት ስለ አየሩ ተናግረው ከነበረ፣ ንግግሩ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚገባ አጥኚው መወሰን አልቻለም።

የመጨረሻው ግኝት ከቁልፍ ርክክብ በኋላ ያለውን ጊዜ ይመለከታል። ቤተሰቡ ገብቶ ሮቶውን ሰቅሎ፣ ውሃ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ ለይቶ፣ የአዲሱ ሰፈር እድር አባል ሲሆን አባወራው ላይ ለውጥ ይታያል። አንድ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ጨለማ ለብሶ ቤቱ እንደገባ ስልኩን አንስቶ ለታላቅ ወንድሙ ይደውላል። «ጋሼ፣ ከጎናችን ያለው ቤት ሊሸጥ ነው። ሰውየው ከአገር ሊወጣ ስለሆነ እንጂ አይሸጠውም ነበር። ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አየሩማ አይወራ!» የደላላውን ሁለት በመቶ እንኳ አይጠይቅም።