ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሰማል!

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጸጥታ እንዲያስከብር የተቀጠረ ሰው የለም። አንድ ሰው ግን የማንንም ቅጥር ሳይጠብቅ ሥራውን ጀምሯል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ፊላው ሳሳ በሚልበት ዳርቻ፣ ረጅም ካፖርቱን ደርቦና ከባድ ቡት ጫማውን ተጫምቶ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ዘንግ አልያዘም፤ መረብ የለውም፤ ጀልባም የለውም። አንድ ሰው ክሩን ወደ ውኃው ሲወረውር ካየ ግን ከየት መጣ ሳይባል አጠገቡ ይደርሳል። ከዚያም ዛፍ ላይ ያንቀላፉት አባ ኮዳዎች ብድግ እስኪሉ ድረስ ይጮኻል።

«ዝም በሉ! ዓሣው ይሰማል!»

በዚያ የመጋቢት ማለዳ እጁ የገቡት ሦስት የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ። የመጡት ለስብሰባ ነው፤ ሐዋሳ መቼም ስብሰባና ሙሽራ አጥታ አታውቅም። ከሦስቱ አንዱ፣ የሒሳብ ሹሙ፣ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን የሚተጣጠፍ ዘንግ በሻንጣው ይዞ ነበር። ዘንጉ ለዓመታት ቁም ሳጥን አናት ላይ ከርሞ ውኃ አይቶ አያውቅም። ባለቤቱም ቢሆን ዓሣን የሚያውቀው በሳህን ነው። ከሆቴሉ ቁርስ በሶፍት ጠቅልሎ ያመጣውን ዳቦ አድቦልቡሎ መንጠቆው ላይ ሰካና በሙሉ ኃይሉ ወረወረ። ዳቦው ወደ አንድ በኩል፣ መንጠቆው ወደ ሌላ በኩል ሄዱ።

ይህን የታዘበው ገበያው ውስጥ ፊሌቶ የሚያወጣ ልጅ ነው። ክንዱ ላይ የደረቀው የዓሣ ቅርፊት በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫል። ቢላዋውን በሱሪው ጠረገና ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ቆሮሶ እኮ እንዲህ ያለ ጉርሻ አይወድም» አለ።

ልጁ ልክ ነው። በዚህ ሐይቅ ያደገ ቆሮሶ በዋነኛነት የሚመገበው ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ አልጌ ስለሆነ፣ ዳቦ ተጣለልኝ ብሎ የሚሯሯጥበት ምክንያት የለውም። አስጋሪዎቹም መንጠቆ ይዘው አይለምኑትም፤ መረባቸውን ማታ ዘርግተው ንጋት ላይ ያወጡታል። በዘንግ ካልሞከርኩ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ሰው የሚበጀው ትንሽ መንጠቆ፣ በላዩ ቁራጭ ትል፣ ቦታውም የፊላው ሥር፣ ሰዓቱም የከሰዓቱ ንፋስ ሳይነሳ ነው። ልጁ ከእርጥቡ አፈር ትል ቆፍሮ አወጣ፣ ቆረጠ፣ ሰካ። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ከዳር ያለው ውኃ ሻይ በወተት መስሏል።

«ዛሬ አምባዛ ነው የሚያዋጣችሁ» አለ ልጁ። አምባዛ የደፈረሰ ውኃ ደንታው አይደለም፤ በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ያገኛል። ዝናብ ሲጥልም ወደ ዳር ወደ ጥልቀት የለሹ ውኃ መጠጋት ይወዳል።

ምክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ነገር በሰላም ባለቀ ነበር። ግን የቡት ጫማው ኮቴ ተሰማ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

«ወንድሜ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚጀመረው ምላስን ከማጥመድ ነው!»

«እኛ እኮ አልተናገርንም፣ ጋሼ» አለ የሒሳብ ሹሙ በሹክሹክታ።

«ታዲያ አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

መልስ የለም። ሰውየው ድል ማድረጉን አይቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም! ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም! እዚህ የተናገራችሁት ሁሉ እዚሁ ነው የሚቀረው!»

የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይዞ በገጸ ምድር የሚወጣ አንድም ወንዝ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ ሳይሆን መቆየቱ ሊቃውንቱን ሲያነጋግር ኖሯል። ሁለተኛው ክፍል የሰውየው የራሱ ግኝት ነው።

ከእንግዶቹ መካከል አንዷ፣ የሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ በወጣትነቷ ፊዚክስ ያስተማረች ናት። ትምህርት ቤቱን ለቀቀች እንጂ ልማዱን አልለቀቀችም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከአየር ወደ ውኃ የሚገባው ድምፅ ከሺህ አንድ እጅ ቢሆን ነው። የቀረው ከውኃው ፊት ነጥሮ ይመለሳል።»

ሰውየው አፍታ አሰበ። «እሷ አንዷ ናት እኮ ዓሣውን የምታስበረግገው!»

እንዲህ ያለውን ሰው በሳይንስ መርታት አይቻልም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት ያስቸግራል። አምባዛና ባርባስ የሚባለው ዓሣ ከቆሮሶ የተሻለ ጆሮ አላቸው፤ የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያያይዝ የጥቃቅን አጥንቶች ሰንሰለት አለና። በንቦች ጭፈራ ጥናቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ገና በ1923 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የአምባዛ ዘመድ ጽፏል። ዓሣው ዓይነ ስውር ነው። ሊቁ እያፏጨ ምግብ ይሰጠዋል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ፉጨቱ እንደተሰማ ምግቡ ሳይታይ ዓሣው ከመደበቂያው ብቅ ይል ጀመር። እንግዲህ ባለካፖርቱ ሰው በየጩኸቱ ማግስት ጥቂት ትል ቢበትን ኖሮ፣ የሐዋሳ አምባዛ በሙሉ «ዝም በሉ!» በተባለ ቁጥር ለቁርስ በተሰለፈ ነበር።

ቆሮሶን የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር ነው። ዓሣ ከጆሮው ሌላ በሁለቱ ጎኖቹ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያነብ መስመር አለው። የጀልባ ወለል ሲደቃ፣ ድንጋይ ወደ ውኃ ሲንከባለል፣ ዳርቻው በከባድ ጫማ ሲረገጥ ያውቃል። የፊዚክስ መምህርቷ ወደ ቡት ጫማው አየት አደረገች፤ ነገር ግን ምንም አላለችም። ጫማውን አውልቅ ተብሎ ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ለታላቅ፣ እንዴት ይነገራል?

ወዲያው ከሐይቁ መሐል አንድ አስጋሪ መረቡን ጭኖ እየቀዘፈ አለፈ። እጁንም አነሳ።

«እንዴት አደርክ!»

ባለካፖርቱ ሁለት እጁን አፉ ላይ ሰብስቦ መልሱን ለቀቀው። «እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ? ልጆች ደኅና ናቸው? እናትህ እንዴት ሆኑ? ያቺ የጠፋችው ላም ተገኘች ወይ?» ላሚቱ ተገኝታለች፤ የተገኘችበት ሁኔታ ግን ረጅም ታሪክ ነበረው። ታሪኩም እስከ መጨረሻው በውኃው ላይ ተተረከ።

«ጋሼ፣ ዓሣውስ?» አለ የሒሳብ ሹሙ።

«ሰላምታ ሌላ ነው!» አለ ሰውየው ቆጣ ብሎ።

አባባሉ ያስቃል እንጂ ብዙ ሰው የሚኖርበት ሕግ ነው። በእኛ አገር ጸጥታ ሁልጊዜ የሌላው ሰው ግዴታ ነው። የሚኒባስ ረዳት «ተረጋጉ!» የሚለው ከተሳፋሪው ሁሉ ድምፅ በላይ ጮኾ ነው። ሦስቱ እንግዶች ትናንት በዋሉበት አዳራሽ ሰብሳቢው «ጊዜያችን አጭር ስለሆነ ሐሳባችሁን በአጭሩ» የሚለውን ማሳሰቢያ ለመስጠት እስከ ሻይ ሰዓት ወስዶበታል። ያን ጊዜም ማንም አልተነሳም። ሦስቱም ደሞዝተኞች፣ ልጅ አሳዳጊዎች፣ በየቤታቸው ተቆጪዎች ናቸው፤ እዚህ ግን በማያውቁት ሰው ትእዛዝ ተደርድረው አፋቸውን ይዘዋል። ይሉኝታ ነዋ! ሰውን ዝም የሚያሰኝ ሰው እንዲህ የሚበረታው፣ እሱን ዝም በል ማለት ነውር በሆነበት አገር ነው። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ወይ ቦታውን ይቀይራል ወይ ለሰውየው ይነግረዋል። ሀበሻ ግን «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ማታ እራት ላይ ግን ሲያማው ያመሻል። የትኛው ጨዋነት እንደሆነ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ የትኛው ለጨዋታ እንደሚመች ግን ግልጽ ነው።

በዚህ መሐል የሰውየው ስልክ ጮኸ። አነሳው። ደዋዩ የሚሰማ ስላልመሰለው ድምፁን ጨመረ። የሚያወራውም ስለ ጎረቤቱ ቴፕ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፣ ሰው አያስተኛም፣ ሕግ የለም ወይ? በቡት ጫማው እየተንጎራደደ፣ ሕግ የለም ወይ እያለ ሳለ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ ተወጠረ። የሒሳብ ሹሙ ዝምታውን ረስቶ «ኧረ ያዙኝ!» አለ። ልጁ ቢላዋውን ጥሎ ደረሰለት። ብዙ ከተሳበና ከተጎተተ በኋላ ክንድ የሚያህል፣ የተለጠጠ አፍ ያለው፣ ባለረጃጅም ጢም አምባዛ ጭቃው ላይ ተፈራገጠ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን የሚያውቀው ሦስተኛው እንግዳ እንደ መሸሽ ብሎ ነበር።

ባለካፖርቱ ስልኩን ከጆሮው ነጠል አደረገ። «አላልኳችሁም? ዝም አይነቅዝም!»

ልጁ አምባዛውን በቢላዋው ጀርባ ጭንቅላቱን ሲለው፣ መምህርቷ ሰውየውን በትህትና ጠየቀችው፤ ጠዋት ጠዋት እዚህ የሚቆመው ለምንድን ነው?

«ለዓሣው ነዋ» አለ።

«ለመግዛት ነው?»

«እኔ? ዓሣ አልበላም። ይሸተኛል።»

የሁዳዴ ወቅት ስለሆነ ጾም ይዞ ይሆናል ብላ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሐዋሳ ላይ ከሐይቁ የሚተናነስ አይደለም። ሰውየው ግን ክርክሩ ውስጥ የለበትም። በፋሲካም አይበላም።

እውነተኛው ዝምተኛ ያለው ውኃው ውስጥ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም፣ መራባቱ የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ገደማ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ አፏን ገጥማ ትሸከማቸዋለች። በዚያ ጊዜ ምግብ የሚባል ነገር እምብዛም አትቀምስም። ትል ቢመጣ፣ ዳቦ ቢመጣ፣ የአሜሪካ ዘንግ ቢመጣ አፍ አትከፍትም። ከለቀቀቻቸው በኋላም ቢሆን አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። መንጠቆ ስለዚህ አያገኛትም፤ መረብ ግን አፍ አይጠይቅም። ስትያዝ በድንጋጤ የያዘችውን ሁሉ ትተፋለች።

የወቅቱ ግጥምጥሞሽ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው። ሰው ከሥጋና ከወተት ለ55 ቀናት ሲታቀብ፣ ዓሣ ይፈቀዳል የሚለው ወገን በሙሉ ፊቱን ወደ ሐይቅ ያዞራል። ገበያው ሲደራ የመረቡ ዓይን ይጠባል፤ ትልቁ ሲያልቅ ትንሿ ትወጣለች። በዚያ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ልጁ አምባዛውን ፊሌቶ እያወጣ ሳለ፣ አጠገቡ አንድ ሻጭ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ ቆሮሶዎች በሲባጎ ሰክቶ አቀረበ። የሒሳብ ሹሙ ዋጋ ጠየቀ። ዋጋው ርካሽ ነው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ገና አልወለዱም» አለው ልጁ ቀስ ብሎ፣ ሻጩ እንዳይሰማ።

የሒሳብ ሹሙ ቆሮሶዎቹን አልገዛም። እናንተም በሁዳዴ ዓሣ የምትገዙ ሰዎች፣ መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ ስትቀርብላችሁ አትግዟት፤ ለምን እንዳልገዛችሁም ለሻጩ ንገሩት።