ትንፍሽ ሳይል የተነፈሰው

የስፖርት መኪና አለኝ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። መኪናዬ የ1964 ዓ.ም. ሥሪት ቮልስዋገን ናት፤ ባለ 1300። የሠፈራችን ጎረምሶች «ስፖርት መኪና» የሚሏት ለፍጥነቷ አይደለም፤ በየሳምንቱ ገፊ ስለምትፈልግና ገፊዎቿን ስፖርት ስለምታሠራ ነው። እኔ ግን ዘር ቆጥሬ እሟገትላታለሁ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለችው ፖርሼ 356 ብዙ ዕቃዋን የወሰደችው ከቮልስ ነው። ስለዚህ የእኔዋ ለፖርሼ አክስት ትሆናለች። አክስት ደግሞ ቀስ ብላ ብትሄድ ነውር የለውም።

ክብሯ በዚህ አያበቃም። እሷ በተሠራችበት ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ ቮልስ 15,007,034ኛዋ ተሠርታ የፎርድን «ሞዴል ቲ» ክብረ ወሰን ሰበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቮልስ በሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ግድ ይላል፤ ንጉሠ ነገሥትም ቢሆኑ። ታዲያ ንጉሥ ያጓጓዘች መኪና እኔን ጃጁራ ማድረስ ያቅታታል?

ጃጁራ ያለው አጎቴ ነው። ከሆሳዕና አልፎ፣ ሶሮ ውስጥ። ነሐሴ ላይ ደውሎ «ዘንድሮ ያሆዴን ከእኛ ጋር ካልዋልክ የእህቴ ልጅ ነኝ እንዳትል» አለኝ። ያሆዴ የሐዲያ መስቀል ነው፤ ዘመን መለወጫም ነው። «በአውቶቡስ ና» ሲለኝ «በመኪናዬ እመጣለሁ» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

መካኒኬን «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ሞተሯ አቅም እንዳላት ይዩልኝ» አልኳቸው። ሞተሩን አሙቀው አራቱንም ካንዴላ ፈቱ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ቁልፉን ሳዞር፣ እሳቸው በየካንዴላው ቀዳዳ ጌጅ እየሰኩ የኮምፕሬሽኑን ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡልኛል። «አንደኛ፣ 100! ሁለተኛ፣ 98! ሦስተኛ፣ 86! አራተኛ፣ 97!»

እኔ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ የመኪናዋን መመሪያ ሳነብ አድሬያለሁ። «ጋሼ፣ ጤነኛ ሞተር ወደ 130 ፒኤስአይ ይሆናል ይላል እኮ! አልቆላታል!»

«መጽሐፉ የት አገር ነው የተጻፈው?»

«ጀርመን።»

«ጀርመናዊ ሯጭ እዚህ መጥቶ እንጦጦን ቢወጣ ምን ይሆናል?»

«ያለከልካል።»

«በቃ። እሷም ሳንባ ነው ያላት። የምትተነፍሰው የአዲስ አበባን አየር ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩቡን ያህል የሳሳ። 100ው አያስፈራም። የሚያስፈራው ከወንድሞቹ የተለየው 86ቱ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ነገሩ ጣፋጭ ስለሆነ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር የሚያራግብለት አየር ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ዕጣው ሆኖ የዘይት ማቀዝቀዣው ያለው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ጋሼ በሦስተኛው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ቢል ጥፋቱ የፒስተን ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። አልተነቃነቀም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው አዩት። የቫልቩ ክፍተት ጠፍቶ ነበር። 0.15 ሚሊሜትር አድርገው መልሰው ሲለኩት 95 ገባ። ደስታዬ የልጅ ፈተና ውጤት የሰማ አባት ደስታ ነበር።

ከዚያ ፑንቲናው ታየ፣ ሚኒሞው ተስተካከለ፣ ቺንጋው ተጠበቀ። «ይቺ ቀይ መብራት ከበራች ወዲያው ቁም» አሉኝ። ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ አየር የሚያራግብለት ያጣል። በመጨረሻም የፊቱን ኮፋኖ ከፍተው ስኮርት ጎማውን በጡጫ መቱት፤ ከአራቱ አስበልጠው ነፉት። ለምን እንዳስበለጡት አልጠየቅኩም። ቀልቤ ሁሉ ከኋላ ነበር።

በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያ አድርጌ ወረድኩ። ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ቀይዋ መብራት ላይ ነበር። ጢያ ላይ ሞተሩን ላሳርፍ ቆሜ፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች አጠገብ ሆኜ ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር አሰብኩ። ቡታጅራን አለፍኩ፣ ወራቤን አለፍኩ። መብራቷ አልበራችም።

ሆሳዕና፣ ማለትም የጥንቷ ዋቸሞ፣ ስገባ ግን ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ኩሬ ውስጥ ገብቶ የመስታወቴን ፊት በጭቃ ለሰነው። ጥግ ይዤ ቆምኩና የመስታወት ማጠቢያዋን ተጫንኩ። ሁለት ቀጫጭን ውኃ ፊጭ! ብሎ ወጣ። ይሄን ያዩ ልጆች «ሽንቷን ሸናች!» ብለው ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡኝ። «ድገመው!» ደገምኩት። «ድገመው!» ሰልሼ ደገምኩት። ልጆቹ መስለውኝ እንጂ ከሁሉ የባስኩት ልጅ እኔው ነበርኩ። አሮጊቷ ቮልሴ በሆሳዕና ጎዳና ላይ ስትወደድ አይቼ መጠን አጣሁ። ውኃው እየደከመ ሲመጣ ነው የተሰናበትኳቸው። መስታወቴ እንደ ሙሽራ ፊት ጠርቶ ነበር።

ከከተማ ወጥቼ ወደ ጃጁራ ሳዘግም የኋላ ግራ ጎማዬ ተነፈሰ። ምንም አይደለም፣ ስኮርት አለ። ኮፋኖውን ከፍቼ፣ ከጎማው መንፊያ ላይ ተጠምዶ የነበረ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነቅዬ፣ ጎማውን አወጣሁት። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ሰመጠ።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ጀሪካን አስይዘው ደረሱልኝ። «ሞተሩ ሞቆብህ ነው፤ ውኃ እንካ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ይቺ መኪና ውኃ አትጠጣም። የምትሠራው በአየር ነው።»

ሽማግሌው የተኛውን ጎማ አዩት፣ ስኮርቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ታዲያ አየሯን ማን ጨረሰው?»

መልስ ስላልነበረኝ ባጃጅ ለመንኩ። ሁለቱንም ጎማ ጭኜ ጃጁራ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። የተነፈሰው ጎማ ካላማዳሪ ላይ ሚስማር ተገኘ፤ ተለጠፈ። ስኮርቱን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። አንድ አረፋ የለም። ወጣቱ ጎሚስታ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ጎማው ጤነኛ ነው። የሆነ ነገር ስቦታል። ከእሱ ጋር የተያያዘ ነገር አለ?»

«አንዲት ቱቦ ነበረች።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

ወደ መስታወት ማጠቢያው ጠርሙስ ነው የምትሄደው! ጀርመኖቹ ለማጠቢያው ፓምፕ ከማበጀት ይልቅ ውኃውን የሚገፋውን ነፋስ ከስኮርቱ እንዲበደር አድርገውታል። ጎማው ከመጠን በላይ እንዳይጎድል የሚዘጋ ቫልቭ አለው፤ የእኔው ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሥራውን ረስቷል። ጋሼ አስበልጠው የነፉት ለካ ለዚህ ነበር። ስኮርቴ እዚያ ሆሳዕና ላይ፣ ልጆቹ እየሳቁ፣ ትንፍሽ ሳይል ተነፍሷል።

አጎቴ ቤት የደረስኩት ጨልሞ ነው። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው አታካና ቀርቧል። ቅቤው የዋዛ አይደለም፤ ሴቶቹ በዊጆ ማኅበራቸው ለመስቀል ብለው ሲያጠራቅሙ የከረሙት ነው። ስለ 86ቱና ስለ 95ቱ፣ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ቱቦዋ አንድ በአንድ ተረክኩለት። አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «ስንት ጊዜ ረጨኸው?» አለኝ።

«እንጃ። ሃያ ጊዜ ይሆናል።»

«የዊጆው ቅቤ ሁሉ ለጸጉር ቢቀባ፣ ይሄ አታካና በምን ይበላ ነበር?» አለና ማንኪያ አቀበለኝ። ጎረስኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በመልሴ ሆሳዕና ላይ ያው ልጆች አወቁኝ። መስታወቴ ዳግም በጭቃ ተለስኗል፤ በመስኮት እጄን አውጥቼ በሃይላንድ ውኃ እያፈሰስኩ በጨርቅ አብሰዋለሁ። «ድገመው!» ብለው ጮሁ።

«አልቋል» አልኳቸው።

አላለቀም ነበር። ስኮርቱ ጢም ብሎ ተነፍቶ፣ ቱቦዋ ተነቅላ ተቀምጣለች።