ጅብ፣ ለሁለት ሰው

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ባልንጀራዬ ደብተሩን አወጣ። ዓርብ ድሬዳዋ ከአውሮፕላን ከወረድን ጀምሮ የወጣችውን እያንዳንዷን ብር ጽፏል። ያረፍነው ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት የጥንት ቤቶች በአንዱ ነው፤ መደቦቹ ቀይ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን የተሰቀለበት። እኔ አንዱ መደብ ላይ ጋደም ብዬ ስፌት እቆጥራለሁ፤ እሱ ከፍ ካለው መደብ ላይ ሆኖ የእኔን ዕዳ ይቆጥራል።

«ውሃ፣ ስምንት። ባጃጅ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ሳምቡሳ፣ አንተ አምስት፣ እኔ ሦስት። ጅብ፣ ለሁለት ሰው።»

«ጅብ?» አልኩ ቀና ብዬ።

«የትናንት ማታው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። ቅዳሜ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚያበላው ሰው ዘንድ ሄድን። ባልንጀራዬ ተንበርክኮ፣ ሥጋ የተሰቀለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ፣ ጅቡ ከአፍንጫው ሥር መንጭቆ ሲወስድ ፎቶ ተነሣ። እኔ ግን ከባጃጁ አልወረድኩም። ልክ ነው፣ አንድ ጊዜ ወርጄ ነበር፤ አንዷ ጅብ ቀና ብላ ስታየኝ ግን የተመለስኩበት ፍጥነት ሱሪዬን በባጃጁ በር ላይ ቀደደው። ባለ ባጃጁ «አቦ ውረድ፣ ሰው አትበላም!» እያለ ለመነኝ። እናቴ «አያ ጅቦ መጣልህ» እያለች ያስተኛችኝን ሰው በአንድ ሌሊት አስጎብኚ አያድነውም። እንግዲህ የዚህ ጅብ ሂሳብ እኔን ምን አገባኝ?

«አይተሃል፤ ማየትም ይከፈልበታል» አለኝ።

«ያየሁት በጣቶቼ መሃል ነው።»

«እንግዲያው ግማሹን ክፈል።»

ተኳርፈን ወጣን። እሱ ወደ ገበያ፣ እኔ የተቀደደ ሱሪዬን ይዤ ወደ መኪና ግርግር። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ሲረግጡት፣ ለኩርፊያ የሚሆን ጸጥታ ፈልጎ የመጣ ሰው የተሳሳተ ቦታ እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ልብስ ሰፊው ቀዳዳውን በሁለት ጣቱ ከፍቶ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ምን ቀደደው?»

«ጅብ» አልኩ። ከባጃጅ በር ይሻላል ብዬ ነው።

ሳቁን እንኳ አልደበቀም። «አቦ፣ የኛ ጅብ ሱሪ አይበላም!» ብሎ ለጎረቤቱ ነገረው፤ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ። ሱሪዬ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ረድፉ በሙሉ ጉዳዩን ሰምቷል።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ፤ ሐረር ውስጥ አንቱታ የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ባልንጀራዬ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ኃላፊ ነው፤ «እርስዎ» ሳይሉ ቢሮው የሚገቡት ዝንቦች ብቻ ናቸው። ዓርብ ዕለት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «አንተ፣ ኦቾሎኒ ግዛ እንጂ!» ሲለው ኮሌታውን አስተካከለ። ቅዳሜ ዝም አለ። እሑድ ጠዋት ግን እኔ ነኝ ካሉ አሮጊት ጋር «አንቺ»፣ «አንተ» እየተባባለ ሲከራከር ከሩቅ ሰማሁት። ድምፁን ተከትዬ ብሄድ ዋጋ ጨርሶ ኖሮ አጣሁት።

ያገኘሁት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም በማይሆን ቦታ። ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ አለ። አስጎብኚያችን ቅዳሜ «የእርቅ መንገድ» ብሎ ነበር ያሳየን፤ የተኳረፉ ሰዎች እዚህ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉምና። እኔ በአንደኛው ጫፍ ገባሁ። ከወዲያ ጫፍ አንድ መሶብ ገባ። መሶብ ነው ያልኩት፤ ከበስተኋላው ባልንጀራዬ መኖሩን ያወቅሁት በጫማው ነው። ክዳን ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ለሠርግ ቤት የሚበቃ መሶብ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱን በግንብ ሲያስከብቡ ያሰቡት ስለ ጠላት እንጂ ስለ ባልንጀራዬ አልነበረም። መሃል ሲደርስ መሶቡ ተወተፈ።

«ግፋው» አለኝ ድምፁ ከወዲያ።

«ወዴት?»

«ወደኔ!»

ገፋሁ። ጭራሽ ጠበቀ። ከኋላዬ ማገዶ የተሸከመች ሴት ደረሰች፤ ከኋላው ደግሞ ሁለት ተማሪዎች። ሁሉም ምክር አላቸው። ከፍ አድርጉት፣ አዙሩት፣ ክዳኑን አውልቁት። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ከተማ በመሶብ ስንፍቅ ማንም አለመክሰሱ ደግነታቸው ነው። በመጨረሻ ክዳኑ ወጣ፣ መሶቡ ተጋደመ፣ እሱም ከግድግዳው ሰማያዊ ቀለም በጎኑ ይዞ ወጣ። ያኔ ፊት ለፊት ተያየን። ላቡ ይወርዳል። ሱሪዬን አየና «ተሰፋ?» አለኝ። «ተሰፋ» አልኩት። እርቁ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረድን። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መሶቡ በሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ ወንበር ይዞ፣ ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ ተጓዘ። አወዳይ ላይ መኪናው ሲቆም አንዱ ተሳፋሪ «አንዴ ያዝልኝ» ብሎ ጫቱን ውስጡ አስቀመጠ፤ ሌላዋ ማንጎዋን ጨመረች። ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ፣ ጆሯችን እየተደፈነ፣ ባልንጀራዬ መሶቡን እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞታል። ለማን እንደገዛው ጠየቅሁት። ሚስት የለውም፤ እንጀራ የሚበላው ምግብ ቤት ነው። «ዋጋው ጥሩ ነበር» አለኝ።

አውሮፕላን ውስጥ መብራቱ ሲደበዝዝ ደብተሩ እንደገና ወጣ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አነበብኩ። «ጅብ» ተሰርዟል። ከሥሩ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «መሶብ፣ ለሁለት ሰው።»

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ገፍተሃል።»

ክርክሩ ቦሌ እስክንደርስ አላለቀም። ግማሹን ከፈልኩ፤ ግማሼንም ይዤ ሄድኩ። ክዳኑ ዛሬ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባልንጀራዬ ቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ይደውልልኛል፤ ያን ጊዜ ክዳኔን ይዤ በታክሲ እሄዳለሁ። የታክሲውን እኔም መመዝገብ ጀምሬያለሁ።