ጡሩምባ ነፊው ያልነፋው መርዶ

የእኛ እድር ሰነዱን የሚያኖርበት ቦታ ብዙ ነው። ቃለ ጉባኤው በእድሩ ቤት ባለው የብረት ሳጥን፣ የአባላት መዝገቡ በገንዘብ ያዣችን ቦርሳ፣ ማን መቀጮ እንዳለበት ደግሞ በዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል። የቀረው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የወር መዋጮውን እሁድ ጠዋት በእጁ ይዞ የሚመጣ ሰው አንሷል፤ አብዛኛው የከፈለበትን ስክሪን ሾት ይልካል። ለማን? ደስ ላለው። ለገንዘብ ያዣችን የሚልክ አለ፣ ለዳኛው የሚልክ አለ፣ ግሩፑ ላይ ለጥፎ “ደርሷል ወይ?” የሚል አለ። አንድ ጎረቤታችንማ ለገዛ ባለቤታቸው ሲልኩ ከርመው “እድሩ ክፍያዬን አልመዘገበልኝም” ብለው ጉባኤ ላይ ተነሥተዋል።

እኔን ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ “ኮምፒውተር ይነካካል” ብለው ነው። እውነት ነው፣ እነካካለሁ። ፕሮግራመር ግን አይደለሁም፤ ለዚህም ነው ኮድ ሳይጻፍ ሥራን ከሥራ የሚያያይዙት መሣሪያዎች ልቤን የወሰዱት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው “እዚህ ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ሲገባ” ይላል፣ ቀጣዩ “የፋይሉን ስም ቆራርጥ”፣ ሌላው “ዳታቤዙ ላይ አንድ መስመር ጨምር”። ሳጥኖቹን በመስመር አገናኝቶ ማብራት ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ስሙ የገነነው ዛፒየር ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሦስት ወጣቶች በአሜሪካ ሚዙሪ ጀመሩት። ሜክ የሚባለው ከፕራግ ነው የመጣው፣ ድሮ ኢንቴግሮማት ይባል ነበር። ኤን ኤይት ኤን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከበርሊን ወጣ፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይሠራል። ዛፒየር የሚያስከፍለው በሠራው ሥራ ብዛት ነው፣ ያውም በዶላር። ጉባኤ ፊት ቆሜ “ለእድሩ ዶላር ይፈቀድልኝ” ብል የሚገጥመኝን ስለማውቅ፣ በራሳችን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ መረጥኩ። ላፕቶፑ እድሩ ቤት፣ ከድስቶቹ መደርደሪያ በላይ ተቀመጠ።

ችግሩ የጀመረው ሳጥኖቹ ላይ አይደለም፤ እኛው ላይ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ሰው በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የዛሬዎቹን ዳታቤዞች መሠረት ሲጥል፣ እያንዳንዱ መስመር ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀምጧል። እኔም “ቁልፉ የአባልነት ቁጥር ይሁን” አልኩ። ኮሚቴው አልተቀበለም። “ማን ቁጥሩን ያውቃል? ሰው በስሙ ነው የሚጠራው” አሉ ዳኛው። ስልክ ቁጥር ይሁን ስል ደግሞ ከሰንጠረዡ ላይ የፊቷ ዜሮ በኖ ጠፋ፤ 0911 የነበረው 911 ሆኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ በስምና በአባት ስም ተወሰነ። በዚህም ውሳኔ ኃይለማርያም፣ ሃይለማርያምና ሀይለ ማርያም ሦስት ሰው ሆኑ፤ ሰውየው አንድ ናቸው፣ የሚከፍሉትም አንድ መዋጮ ነው፣ የሁለት ሰው ውዝፍ ግን ተቆጠረባቸው።

ቀኑማ አይነሣ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ በስክሪን ሾቶቹ ፋይል ስም ላይ ቀን የሚጽፉት በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ሌላም አያውቁም፣ እንዲያውቁም አልጠይቃቸውም። ጥቅምት 30 ቀን “30/2/2016” ተብሎ ሲገባ ማሽኑ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ መለሰው፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውምና። እምቢ ያለው ግን ደግ ነው። የሚያስፈራው እሺ ያለው ነው። ጳጉሜ 5 ቀን “5/13/2016” ተብሎ ሲገባ ቅንጣት ሳያጉረመርም ተቀበለው፤ ለካ በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 13 ቀን ብሎ አንብቦታል። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሕዝብ መኖሩን የነገረው የለም። በጳጉሜ የከፈሉ ሁሉ ከዓመታት በፊት፣ እድሩ ቴሌብር የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ በቴሌብር እንደከፈሉ ተመዘገቡ።

ይህን ሁሉ አስተካክለን መዋጮው መስመር ሲይዝ ዳኛው ጠሩኝና “ልጄ፣ ለመርዶውስ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም?” አሉ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አርጅተዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ አምስት ፎቅ ነው፣ ድምፃቸው ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሌላ ፎልደር ተከፈተ። ሰው ሲያርፍ የመርዶው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ፣ የፋይሉ ስም ላይ የሟች ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑና የቀብሩ ሰዓት በሰረዝ ተለያይቶ ተጽፎ ይገባል። ማሽኑ ስሙን ይቆራርጥና በዳታቤዙ አባሉን ፈልጎ “አርፈዋል” ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ከመዋጮ ማስታወሻው ዝርዝር ያወጣዋል፣ ከዚያ በቴሌግራም ቦት “ነገ ቀብር ስላለ አባላት በሰዓቱ ተገኙ፣ የቀረ ይቀጣል” ብሎ ግሩፑ ላይ ይለቃል። ሁለት ሦስት መርዶ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

እትዬ ግን ትጉህ ሰው ናቸው። የብረት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የድሮ መርዶ ወረቀት አይጥ ሳይጨርሰው “ደመናው ላይ” ይቀመጥ ብለው፣ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ቅዳሜን ሙሉ ፎቶ ሲያነሡ ዋሉ። ስሙን በደንቡ ጻፉ፣ ሰረዝ አላዛነፉም፣ ፎልደሩንም አልሳቱም፤ “መርዶ” የሚል ፎልደር ነው፣ መርዶ አስገቡበት። ማከማቻው ፋይልን የሚያውቀው ራሱ በሰጠው መለያ ነው። ሰውየው ከሞቱ አሥር ዓመት ይሁናቸው አሥር ደቂቃ ምኑም አይደለም፤ ዛሬ የገባ ፋይል አዲስ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት መብራት ሄዶ ነበር። ላፕቶፑ በባትሪው ነቅቶ ቆይቷል፣ ዋይፋዩ ግን ሞቷል። መብራቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጣ። ማሽኑ ከቆመበት ጀምሮ የገባውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ሰበሰበና መርዶውን ለቀቀው። ቴሌግራም አንድ ቦት ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 በላይ መልእክት እንዲልክ ስለማይፈቅድ የሰፈሩ ሙታን በየተራ ወጡ፤ ሃያ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ሰው “አለቀ” ብሎ እግዚኦ ሲል እንደገና ይጀምራል።

በጎሕ ስወጣ ግቢው ሙሉ ሰው ነው። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ንብረት ክፍላችን የትኛውን ድንኳን ለማን እንደሚተክል ጨንቆት ሁሉንም አውጥቶ ሜዳው ላይ ዘርግቷል። አንዲት ሴት የባለቤቷን ስም አይታ “እሱን እኮ ቀብሬዋለሁ” እያለች ስልኳን ለሁሉም ታሳያለች፤ ለእሷ የሚመለስላት ቃል አልነበረኝም። መሐል ላይ ጡሩምባ ነፊው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፣ ጡሩምባው በእጃቸው ነው። ዳኛው “ምነው አልነፉም?” ቢሏቸው “የማን ቤት ሄጄ ለቅሶ ሰማሁና ልንፋ?” አሉ። እሳቸው ለካ ድሮም ከሟች ቤት ደርሰው፣ ቤተሰቡን በዓይናቸው አይተው፣ አንዳንዴም ልጆቹ ከክፍለ ሀገር እስኪደርሱ አቆይተው ነው የሚነፉት። ይህን ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው ቀድሞ አላማከራቸውም፤ ደንባችንም ላይ አልተጻፈም። አሁን ቦቱ መርዶ ከመላኩ በፊት ለእሳቸው ጥያቄ ይልካል፤ የልጃቸው ስልክ ላይ “ይነፋ” የሚለውን ካልተጫኑ ንቅንቅ አይልም።

የአንዱን አባላችንን፣ የሻምበሉን ጉዳይ ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። እትዬ ከጫኗቸው የድሮ ሟቾች አንዱ ከእሳቸው ጋር ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። ሟቹ ዳታቤዙ ከመሠራቱ በፊት ስላረፉ እዚያ የሉም፣ ያሉት ሻምበሉ ብቻ ናቸው፤ ማሽኑ ያገኘውን አንድ ሰው “አርፈዋል” አለው። በዚያ ሌሊት ሲደወልላቸው “አለሁ!” እያሉ ስልክ መዝጋታቸውን ሰምተን ስቀን አልፈነው ነበር። በሚቀጥለው ወር የመዋጮ ማስታወሻ አልደረሳቸውም፣ እሳቸውም አልከፈሉም። እትዬ ውዝፉን ከነመቀጮው ሲጠይቋቸው ሻምበሉ ጉባኤ ላይ ተነሡ።

“በመዝገባችሁ ሞቻለሁ” አሉ። “የሞተ ሰው ይቀጣል? ይልቅ በደንቡ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ይከፈለኝ። ከእኔ በላይ ለእኔ ቤተሰብ የለም።”

ደንቡ ተነበበ። ስለሚለቅ አባል አለው፣ ስለሚባረር አለው፣ ሰፈር ስለሚቀይር አለው። ሞቶ ስለተመለሰ አባል የለውም። አንድ አስተዋይ ነኝ የሚል ሰው እንደ አዲስ ገቢ ቆጥረን የመግቢያ እናስከፍላቸው ሲል ሻምበሉ ወንበር ጥለው ሊወጡ ተነሡ፣ በመከራ ተያዙ። ዳታቤዙ ላይ ምልክቱን ማንሣት የአንድ ጠቅታ ሥራ ነበር፤ ዳኛው ግን “ያለ ጉባኤ ውሳኔ የሚነካ ነገር የለም” አሉ። ድምፅ ተሰጠ። ሻምበሉ በሕይወት መኖራቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ልጽፍ ስል እሳቸው እጃቸውን አላወጡም ነበርና፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ።