መልሴስ?

ደክሞናል። መተማ ዮሐንስ ላይ ሻይ ጠጥቶ 200 ብር ያወጣ ሰው ወንጀል የሠራ ይመስል ይታያል። «ዝርዝር የለህም ወንድሜ?» የለኝም። ባለሻይዋም የላትም። ልጅ በየሱቁ ይላካል፤ በዚያ ሙቀት ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ነገ ስታልፍ ትወስዳለህ» ይባላል። መንገደኛ ነገ የት ተገኝቶ ነው የሚወስደው?

ከሱዳኗ ገላባት ወዲህ ያለ የድንበር ከተማ እኮ ነው! ብርን በሱዳን ፓውንድ የሚመነዝር ሰው እዚህ ጠፍቶ አያውቅም፤ 100 ብርን አስር አስር አድርጎ የሚዘረዝር ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት መቀየሩ ሲነገር ባለ 200 ብር አዲስ መጣ፤ 5 ብር ሳይቀየር ቀረ። ያ 5 ብር ዛሬ ነትቦ፣ በፕላስተር ተጣብቆ ይዞራል። ለባለሱቆች ስንሰጣቸው «ይሄማ አይሠራም» ይሉናል፤ መልስ ሲሆን ግን ያንኑ አጣጥፈው ያስጨብጡናል። ካልሆነም ማስቲካ። ማስቲካ ማን ጠየቀ?

የሚብሰው የመኪናው ነው። ረዳቱ ገና ከመነሻችን ከገንዳ ውሃ ሳንወጣ ሒሳቡን ይለቅማል፤ መልሱን «ስትወርዱ» ይላል። መናኸሪያ ስንደርስ ለሦስት ሰው አንድ 100 ብር አውጥቶ «ተካፈሉ» ብሎን ይሄዳል። የማንተዋወቅ ሦስት ሰዎች ጓዛችንን ተሸክመን ዘርዛሪ ፍለጋ እንዞራለን። መጨረሻ ላይ የቸኮለው ድርሻውን ትቶ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ትቶ የሚሄደው ደግሞ የእርሻ መኪና እንዳያመልጠው የሚሮጠው ሳሉግ፣ የወቅት የእርሻ ሠራተኛው ነው።

እሱን ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ ወርዶ፣ ወባውን ችሎ ሠርቶ፣ ሒሳብ ሲደረግለት «ሽርፍራፊዋን ተዋት» የሚባለውም እሱ ነው። ለባለ እርሻው ሽርፍራፊ ናት፤ ለሳሉጉ ምሳው ናት። ከብዙ ሠራተኛ እየተቆረጠች ስትጠራቀም ደግሞ ለማንም ሽርፍራፊ አይደለችም።

ባንኮች ቢያንስ በአጨዳው ሰሞን አስርና ሃምሳ ብር በብዛት ወደ ቆላው ያውርዱልን። ባለ እርሻዎችም ለደመወዝ ብር ሲያወጡ ዝርዝሩን አብረው ይጠይቁ። ረዳቱም ሒሳብ በተቀበለበት እጁ መልሱን እዚያው ይስጠን፤ ዝርዝር ካልያዘ መነሻው ላይ ይንገረንና እኛው ዘርዝረን እንሳፈር።