ሁለት ሊትር ተኩል

የምፈልገው ሁለት ሊትር ተኩል የሞተር ዘይት ነው። የቮልስ ሞተር ከዚያ በላይ አይይዝም። አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ አሮጌው ወርዶ አዲሱ ይገባል። ሥራው እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ትክክለኛውን ዘይት ፍለጋ ከምኖርባት ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ፣ ሲብስም እስከ ደሴ መንከራተቱ አንገሽግሾኛል። የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ጋራዥ ደጃፍ አንድ ቀን የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ባለ ዲኤክሱ፣ ባለ አሮጌው ሃይሉክስ፣ ባለ ላንድሮቨሩ፣ ባለ ባጃጁ ሳይቀር የሚያማርረው ይህንኑ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1300 ቮልስ ስትሆን፣ አባቴ ከነመመሪያ መጽሐፏ አቆይቶልኛል። ይህች መኪና ውሃ አትጠጣም፤ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያበርደው የቬንትሌተሩ ነፋስና ዘይቱ ነው። ለሌላ መኪና ዘይት ማለስለሻ ነው፤ ለእሷ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም ነው። የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር አንዲት የሽቦ ወንፊት ብቻ አለቻት። ስለዚህ ደቃቁ ቆሻሻ የሚወገደው ዘይቱ ሲለወጥ ብቻ ነው። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል። እኔ የግራናን መንገድ አቧራ ስለማውቅ 2,500 ላይ እቀይራለሁ። ይኸው ነው ፍለጋውን የሚያበዛብኝ።

የሚያደክመኝ አንዱ ነገር «ወፍራም ይሻላል» የሚሉት ነው። ጋራዥ በገባሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። «አብሽር ጋሼ! አሮጌ ሞተር ወፍራም ነው የሚወደው። ቁጥር 50 አርግባት፣ ጭሱም ይቆማል» ይለኛል የጋራዡ ልጅ። እውነት ነው፣ ለጥቂት ሳምንት ጭሱ ይቀንሳል። የተበላ ፋሻ ግን በወፍራም ዘይት አይድንም፤ ሕመሙ ይደበቃል እንጂ። ቮልስ ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ከዘይት ፖምፓው ቀጥሎ በሞላ የሚሠራ አንድ ቫልቭ አለ። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ግፊቱ ቫልቩን ይከፍተዋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ የዘይት ማቀዝቀዣውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይሄዳል። ይህ የተደረገው ማቀዝቀዣው በግፊት እንዳይፈነዳ ነው። ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት የሞላ ሰው እንግዲህ ዘይቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚያልፍበትን ሰዓት ያዘገያል። በእኔዋ ዘመን ሞዴል ደግሞ ያው ማቀዝቀዣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ተገትሮ ነፋሱን ይከልለዋል፤ ፋብሪካው ቦታውን የቀየረው በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላይ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉ ቀድሞ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ልጁ ፈገግ ይልና «እሺ፣ 50 ላምጣ?» ይለኛል።

መመሪያው ለሞቃት አገር ቁጥር 30 ይላል። ቁጥር 30 ብቻውን ፈልጌ ካገኘሁ ቆየሁ። ስለዚህ 20ደብሊው-50 የሚለውን ነው የምጠይቀው፤ ልጁ ከሚለው ደረቅ 50 በብርድ ይቀጥናል። ደብሊው የቆመችው ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፣ ኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው። ለእኛ አገር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወረዳችን ሐብሩ ሞቃት ነው፣ በቀትር የመኪናው ቆርቆሮ እጅ ይልጣል። በማለዳ ከወልድያ ተነስቶ የድልብን አቀበት ለሚወጣና ወደ ጋሸና ለሚዘልቅ ሰው ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚያልፍ ሞተር ነው ያለን። ዘይት የሚሸጥልን ግን «ይሄ ጥሩ ነው» በሚል አንድ ቃል ነው።

ወፍራም አልፈልግም ስትል ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዱሃል። «እንግዲያው ሲንተቲክ ውሰድ፣ ውዱ እሱ ነው» ብሎ ባለ ሱቁ 5ደብሊው-30 ያወጣል። ለአዳዲሶቹ መኪኖች መልካም ዘይት ነው፤ አልክድም። የእኔዋ ሞተር ግን ሲሠራ ጀምሮ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ቀጭን ዘይት በየጓርኒሲዮኑ እየሾለከ ከሥሯ ኩሬ ይሠራል። ደግሞም በካምሻፍቷ ላይ የሚፋተጉት ብረቶች ጠፍጣፋ ናቸው፤ ከመፋቅ የሚያድናቸው በዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደዚህ ላሉ ቀጫጭን ዘይቶች የወጣው መስፈርት፣ የአዳዲሶቹ መኪኖች የጭስ ማጽጃ እንዳይበላሽ ሲባል ፎስፎረሱን ከመቶ 0.08 እንዳያልፍ ወስኖታል። ብዙ ገንዘብ ከፍዬ ለሞተሬ የማይሆን መግዛት ማለት ነው። «ውዱ ይሻላል» የሚለው ምክር ስንቱን አሮጌ መኪና እንደጎዳ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሊትሩን እንኳን እንደፈለግን አናገኝም። ባለ አንድ ሊትሩ አልቋል፣ ባለ አራቱን ውሰድ ይሉሃል። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ አንድ ሊትር ተኩል ትርፍ ዘይት ገዝቶ ማስቀመጥ ለጡረተኛ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የታሸገውን እንኳ ማመን አለመቻሌ ነው። በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ዘይት በሊትር እየተቀዳ ይሸጣል፤ የቤንዚን ይሁን የናፍጣ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለሙ ተመልሶ፣ በሚያምር ጀሪካን ታሽጎ ሲመጣ ዓይን አይለየውም። በጣት ታሻለህ፣ ታሸታለህ፣ ወረቀት ላይ ታንጠባጥባለህ፤ የምታውቀው ነገር የለም። አባቴ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ባዶውን ጀሪካን ሳልቀዳድድ አልጥልም። ሠፈራችን ግን የዘይት ጀሪካን ከነክዳኑና ከነስቲከሩ የሚገዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ ስቲከሩ የተላጠውን አይወስዱም። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን የሚሸጥላቸው አይጠፋም።

ይህ የመኪና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልብሰለሰልም። ግራና የመስኖ አገር ናት። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚጠጣው ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ በሚስብ የውሃ ሞተር ነው። ጎረቤቴ ባለፈው በጋ ከአንድ ሱቅ የገዛውን ዘይት ሞልቶ ሞተሩን ባስነሳ በአራተኛው ቀን ነከሰበት። ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት ነው የነከሰው። ፒስቶኑን ወልድያ ወስዶ አሠርቶ እስኪመለስ ማሳው አለቀ። «የእኔ ጥፋት ነው፣ እርካሹን ገዛሁ» ይላል። የእሱ ጥፋት አይደለም። በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ትክክል ነበር፤ ውስጡ ያለው ነው ሌላ የሆነው። ማን ይጠየቅለት?

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እኛ ዘንድ በነበረበት ጊዜ ቮልሷ በሸራ ተሸፍና፣ በገለባ ተከልላ ቆማ ነበር። ብዙ ሰው ያልነዳሁት ዘይት አልተበላሸም ይላል። ይበላሻል። ያገለገለ ዘይት ውስጥ የሚቀረው እርጥበትና አሲድ ሞተሩ በቆመበት ብሮንዚናውን ይበላዋል። ስለዚህ ሰላም ሆኖ መንገድ ሲከፈት መጀመሪያ የፈለግሁት ዘይት ነበር። የወልድያ ሱቆች ተዘርፈው መደርደሪያው ባዶ ነበር። ያን ጊዜ አላጉረመረምኩም፤ ሰው ዱቄት ያጣበት ሰዓት ነበር። አሁን ግን መደርደሪያው ሞልቷል፣ እኔም እንደዚያን ጊዜው ባዶ እጄን ነው የምመለሰው።

በመጨረሻ የወንድሜን ልጅ አስቸገርኩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ፎቶ ልኮልኝ፣ ባለ አራት ሊትር 20ደብሊው-50 ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። መርሳ ወርጄ ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ተቆርጧል። መንገድ ላይ ተንገላቶ ይሁን፣ ከሱቁ ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ይሁን፣ እንጃ። ልጁ «ሲሰጡኝ ደህና ነበር አጎቴ» ብሎ ማለልኝ፤ አምነዋለሁ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ጀሪካኑ ጓዳ ነው ያለው። ቮልሷ 2,500ውን አልፋለች፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው ጠቁሮ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን እከፍትና አሸተዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። እስካሁን አልሞላሁትም።