ድንቢጥና ዘላይ ሸረሪት፦ ንጽጽራዊ ጥናት

የዚህ ጥናት ተሳታፊዎች በአንድ መስኮት የሚጎራበቱ ሁለት አካላት ናቸው፤ ከውጭ ድንቢጥ፣ ከውስጥ ዘላይ ሸረሪት። በመካከላቸው ያለው መስተዋት የሳይንስ ባለውለታ ነው። እሱ ባይኖር አንደኛዋ ሌላኛዋን ውጣ ናሙናው በግማሽ ይጎድል ነበር።

ስለ ድንቢጥ አካል ብዙ የሚባል የለም፤ ሁሉም ሰው አይቷታል። ሸረሪቷ ግን ብትገዝፍ የባቄላ ፍሬ አታክልም፤ ስምንት እግርና ስምንት ዓይን አላት። ከፊት ያሉት ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ ለሚያያቸው ፍዝዝ ብለው የቆሙ ይመስላሉ፤ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ግን ከውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ሳታስነቃ ትገላምጣለች። የምትዘለው የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ እግሮቿ በግፊት ልካ ነው። ከመዝለሏ በፊትም የደህንነት ክሯን ታስራለች። ይህን ጥንቃቄ በከተማችን የፎቅ ግንባታዎች ላይ እንኳ ሁልጊዜ አናየውም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እሷን አይመለከትም። አድብታ ዘላ ትይዛለች እንጂ ድር ዘርግታ አታድንም። ማኅበር ውስጥም የለችበትም።

በፍቅር ጉዳይ ነገሩ ይከራል። ወንዱ ድንቢጥ ይንጫጫል። ወንዱ ሸረሪት የፊት እግሮቹን ሰቅሎ ይጨፍራል፤ በብዙ ዝርያዎች ዘንድ የቆመበትን ቅጠል እያንቀጠቀጠ ያዜማል፣ ሴቷም ዜማውን በእግሯ ትሰማዋለች። ድንቢጡ ፊት ቢነሳ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ሸረሪቱ ፊት ቢነሳ እራት ሊሆን ይችላል። በአጥኚው እምነት፣ የዘፈን ውድድሮቻችን እንዲህ ያለ ዳኝነት ቢኖራቸው የተመዝጋቢው ቁጥር ይመጠን ነበር።

ለሰው ስለሚሰጡት ጥቅም፦ በገጠር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ የሚያወናጭፉት ሸረሪት ለማባረር አይደለም። በአንጻሩ በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የሚኖር አንድ የዘላይ ሸረሪት ዝርያ ከምግብ ሁሉ አስበልጦ ደም የጠገበች ቢምቢ ይወዳል። የተለበሰ ካልሲ ሽታም ይስበዋል። ሰውን እስከዚህ ድረስ የወደደ ወፍ በጥናቱ አልተገኘም።

ያም ሆኖ ለድንቢጧ ፍርፋሪ፣ ለሸረሪቷ ነጠላ ጫማ መወርወሩ ቀጥሏል። ውድ አንባቢ፣ ጫማዎን ማንሳትዎ ካልቀረ ትንሽ ይታገሱ፤ መላ አካሏን አዙራ ፊት ለፊት ታይዎታለች። ከዚያ ከቻሉ ይምቱ።